ዝዋይ ድረስ ከመንዳታችሁ በፊት ጨለለቃን እዩት

ጥያቄው ባጭሩ ይኸውና። አራት ጓደኛሞች ናቸው፣ ካዛንቺስና አራት ኪሎ የሚሠሩ። አንዷ ቪትዝ አላት። ያላቸው ካሜራ አንድ ካነን 250ዲ ነው፣ ሌንሱም አብሮት የመጣው 18-55። የቀሩት በስልክ ነው የሚያነሱት። ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ረግረግ ቦታ ሄደው ወፍ ማንሳት አምሯቸዋል። «ዝዋይ እንሂድ ወይስ ሌላ ቦታ አለ? ሌንስ እንከራይ? በስንት ሰዓት እንውጣ? ቦቲስ የግድ ነው?» ብለዋል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ዝዋይ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አትሂዱ።

ቦታው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ብትወጡ እንኳ፣ አንዱን ከቤቱ ለቅማችሁ፣ ነዳጅ ሞልታችሁ፣ መንገድ ላይ ሻይ ጠጥታችሁ ስትደርሱ ጥሩው ብርሃን እያለቀ ነው። ከዚያ ደግሞ መመለሱ አለ። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ፣ ረግረጉ ዳር ሁለት ሰዓት። አድራችሁ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

የኔ ምክር ቢሾፍቱ ነው፣ ጨለለቃ። 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሌሊት መንገዱ ጭር ሲል ከመስቀል አደባባይ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ቢሾፍቱ ሲባል ሰው ሁሉ ሆራንና ባቦጋያን ነው የሚያስበው፣ ሪዞርቱን፣ ዓሣ ጥብሱን። እነዚያ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ጥልቅ ሐይቆች ናቸው፣ ዳራቸው ገደል ነው፣ ጭቃ ላይ እየተራመደ ለሚበላ ወፍ ብዙም አይመቹም። ጨለለቃ ግን ሐይቅ የሚባለው በይሉኝታ ነው። ክረምት ሲገባ የሚሞላ፣ በጋ ሲገፋ የሚሸሽ ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ጥር ላይ ውሃው ወደ መሃል ይሰበሰብና ዳር ዳሩ ጭቃ ይሆናል። ወፎቹ የሚፈልጉት ይህንኑ ጭቃ ነው፣ ትሉም ቀንድ አውጣውም ያለው እዚያ ነዋ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ክረምቱ ደካማ ከነበረ ጥር ላይ ውሃው ጨርሶ ሊደርቅ ይችላል። ቢሾፍቱ የምታውቁት ሰው ካለ ሐሙስ ዕለት ደውሉና «ጨለለቃ ውሃ አለው?» በሉት። ሰው ከሌላችሁ የሴንቲኔል ሳተላይት ፎቶ በነፃ ይገኛል፣ በየጥቂት ቀኑ ይታደሳል፣ ውሃው የት ድረስ እንደሸሸ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል። እኔ ከቤት ሳልወጣ ሁልጊዜ አያለሁ።

አሁን ስለ ዋናዎቹ እንግዶች። ከጥቅምት ገደማ እስከ የካቲት ማብቂያ ድረስ ከሩሲያና ከዚያ አካባቢ የሚመጡ ግራጫ ክሬን የሚባሉ ትልልቅ ወፎች እዚህ ይከርማሉ። እኛ ረጅም እግር ያለውን ሁሉ ሽመላ ብለን እንገላገላለን፣ ስለዚህ መለያውን ልንገራችሁ። ሲበር አንገቱን አጥፎ ወደ ትከሻው የሚሰበስበው ሄሮን ነው። ክሬን አንገቱን እንደ ጦር ዘርግቶ ነው የሚበረው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል፣ ጅብም ቀበሮም ሲመጣ የውሃው ድምፅ ያነቃዋል። ሲነጋ ወደ ማሳ ይወጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ማሳው ደግሞ በቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው የአዳ ማሳ ነው፣ ጤፉ ታጭዶ ቃርሚያው የቀረበት፣ ሽምብራው ገና እሸት የሆነበት። ገበሬው እንደ እናንተ አይደሰትባቸውም፣ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ሲጠብቁ ብታዩ አትፍረዱባቸው።

እንግዲህ የጉዞው ሁሉ ነገር ክሬኖቹ ከውሃው በሚወጡባት በዚህች ሰዓት ነው የሚወሰነው። ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ45 አካባቢ ነው። 12 ሰዓት ላይ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ መሆን አለበት። መጀመሪያ የሚመጣው ድምፅ ነው። ገና ምንም ሳይታይ ከውሃው መሃል ከሩቅ ሠርግ ቤት እንደሚሰማ ጡሩምባ ያለ ነገር፣ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይመልሳል። ከዚያ ጉሙ ከሥር ብርቱካንማ ሲሆን እግሮች ይታያሉ፣ አካል ሳይኖራቸው እግሮች ብቻ፣ ጉሙ ከወገብ በላይ ስለሚሸፍናቸው። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ «ወይኔ!» ብሎ በሩን የሚከፍተው። አትክፈቱ።

ስለዚህ ከካዛንቺስ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። 11 ሰዓት እንነሳ ካላችሁ አውቃችኋለሁ፣ አንዱ 11 ከሩብ ላይ «ፊቴን እየታጠብኩ ነው» ይላል። የተሻለው አርብ ማታ አንድ ቤት ማደር ነው። በሳሪስ፣ በቃሊቲ አድርጋችሁ ቱሉ ዲምቱ ላይ ፈጣን መንገዱን ያዙ። የድሮው መንገድ በዱከም በኩል ይቻላል፣ ግን በጨለማ ከሲኖትራክ ጋር መጋፋት ለቪትዝ አይመከርም።

የት ትቆማላችሁ? ጠዋት ከሆነ በውሃው ምሥራቅ በኩል፣ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ሆና። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ነፋሱ ነው። ትልቅ ወፍ ሲነሳም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው፣ ልክ እንደ አይሮፕላን። ነፋሱም ፀሐይም ከጀርባችሁ ከሆኑ ወፉ ወደ እናንተ እየመጣ፣ ፊቱ በርቶ ይነሳል። ነፋሱ ከፊታችሁ ከሆነ ቀኑን ሙሉ የወፍ ጭራ ስታነሱ ትውላላችሁ። አንድ እፍኝ አቧራ በትናችሁ ማየት ይበቃል።

ቪትዟን አትናቋት። ረግረግ ዳር ከመኪና የተሻለ መደበቂያ የለም። ወፍ የሰው ቅርጽ ሲያይ ይሸሻል፣ የቆመ መኪና ግን እንደ ላም ነው የሚቆጥረው። መኪናውን በጎን አቁሙት፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ምክንያቱም ሞተር እየሠራ ካሜራው በሩ ላይ ካረፈ ንዝረቱ ፎቶውን ያበላሸዋል። መስታወቱን እስከ ግማሽ አውርዱና የሽምብራ ከረጢት አስቀምጡበት። የሽምብራ ከረጢት ስል ቀልድ አይደለም። የትራስ ልብስ ውስጥ ሁለት ኪሎ ሽምብራ ወይም ባቄላ ጨምራችሁ አፉን ስፉት፣ ሌንሱ እላዩ ላይ ሰምጦ ይቀመጣል። ከትራይፖድ (ከባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ) የተሻለ ነው፣ ሲያበቃም ሽሮ ይሆናል። ኤሌክትሪክ መኪና ያለው ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ለምኑት፣ ድምፅ አልባ ሆኖ ሲጠጋ ወፎቹ ቀና እንኳ አይሉም።

ግን ከጠንካራው መንገድ አትውረዱ። ይህን የምለው ከፍዬበት ነው። የዛሬ ስንት ዓመት አምስት ሆነን በኮሮላ ሄድን። ዳርቻው ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ የጠበል ዳቦ ቅርፊት መስሎ ነበር። ጓደኛዬ «ይይዛል፣ ይይዛል» አለ፣ እኔም ልቤ ወፎቹ ጋ ስለነበር ዝም አልኩ። አሥር ሜትር ያህል ያዘ። ከዚያ የፊት ጎማዎቹ ሰመጡና መኪናው ስግደት እንደሚሰግድ ሰው አፍንጫውን ደፋ። አራት ሰዓት ሙሉ ቆፈርን። በመጨረሻ አንድ አባወራ ሁለት በሬ አምጥተው በገመድ አወጡን፣ ገንዘብ ሰጠናቸው፣ ምርቃት ተቀበልን። ልጃቸው፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቁጭ ብሎ ሲያየን ቆይቶ «የላም ኮቴውን አላያችሁም?» አለን። የላም ኮቴ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ካቆረ፣ ላዩ የቱንም ያህል ቢደርቅ ሥሩ ረግረግ ነው። ኮቴው ደረቅ አቧራ ከያዘ መሬቱ ይሸከማል። ከዚያ ቀን ወዲህ መሬት ሳላይ ጎማ አላሳርፍም።

ወደ ሌንስ። ቁጥሩ ሚሊ ሜትር ነው፣ በጨመረ ቁጥር ሩቁን ያቀርባል። 18-55 ለክሬን አይሆንም። ክሬን እናንተን አይቶ የሚታገሠው ብዙውን ጊዜ ከመቶ ሜትር በላይ ሆኖ ነው፣ በ55 ስታነሱት ጉንዳን ነው የሚመስለው። ተከራዩ፣ አዎ። ግን ሰው ሁሉ የሚመኘውን 150-600 ለመጀመሪያ ቀን አልመክርም። ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ያልለመደ እጅ 600 ላይ የሚበር ወፍን መፈለግ በገለባ ቀዳዳ ትንኝ እንደመፈለግ ነው። 55-250 ወይም 70-300 ውሰዱ። የ250ዲ ሴንሰር (ፎቶውን የሚቀርጸው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ 250 ሚሊ ሜትሩ እንደ 400 ነው የሚያሳየው። ቀላል ነው፣ ኪራዩም አይጎዳም፣ እየተቀባበላችሁም ትሠሩበታላችሁ።

ስትከራዩ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። እኔ አንዴ ለአራት ቀን ጉዞ የተከራየሁት ሌንስ ውስጡ ሻጋታ ነበረበት፣ ያወቅሁት ቤት ገብቼ ኮምፒዩተር ላይ ስከፍተው ነው። የስልካችሁን መብራት ከኋላ አብሩበትና በመስታወቱ ውስጥ እዩ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ መልሱት። ከበሩ ወጥታችሁ በሩቅ ያለ የሱቅ ጽሑፍ አንሱ፣ አጉልታችሁ አንብቡት። ካልተነበበ የክሬን ዓይንም አይነበብም።

ሴቲንጉ ላይ ብዙ አልሄድም። ለሚበር ወፍ ሹተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የሰከንድ ክፋይ) 1/2000፣ ለቆመ 1/500፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ) ሌንሱ የፈቀደውን ያህል ክፍት፣ አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ ሆኖ ጣሪያው 3200። ፎከሱ ኤአይ ሰርቮ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚያጠራው) ላይ ይሁን፣ የመሃሏን ነጥብ ብቻ ተጠቀሙ፣ ከዘጠኙ የምትታመነው እሷ ናት። በጄፔግ አንሱ፣ 250ዲ በሮው (በትልቁ ጥሬ ፋይል) ስታስጨንቁት ከጥቂት ፎቶ በኋላ ይደነዝዛል፣ ወፉ የሚነሳው ደግሞ ያኔ ነው።

ካሜራው የሚታለልበት አንድ ነገር ግን አለ። እሱ ዓለምን ሁሉ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። ነጭ ሳቢሳ ጥቁር ጭቃ ላይ ቆሞ ካያችሁ ጭቃውን ለማብራት ብሎ ሳቢሳውን ያቃጥለዋል፣ ላባው ጠፍቶ የተቀደደ ወረቀት ይሆናል። በኤክስፖዠር ማካካሻው (ፎቶውን በሚያደምቀውና በሚያጨልመው) አንድ እርምጃ ወደ መቀነስ ውሰዱት። ወፉ በነጭ ሰማይ ላይ ከሆነ ተቃራኒው፣ አንድ እርምጃ ጨምሩ፣ አለበለዚያ ጥላ ነው የምታነሱት። የተቃጠለ ነጭ በኋላ አይመለስም፣ የጨለመ ግን በከፊል ይመለሳል።

ስልክ የያዛችሁት ሦስታችሁ ሥራ የላችሁም እንዳትሉ። ወፉን ለካሜራው ተዉለት። እናንተ ጉሙን፣ ከብት የሚነዳውን ልጅ (አስፈቅዳችሁ)፣ ውሃ ላይ የተገለበጠውን ዛፍ፣ ቄጤማውን አንሱ። ለበዓል ሾላ ገበያ የምትገዙት ቄጤማ የሚታጨደው እንዲህ ካለ ቦታ ነው፣ ጤዛ ይዞ በጎን ብርሃን ሲያርፍበት እንዴት እንደሚሆን እዩት። ስልኩን ወደ መሬት ዝቅ አድርጉት፣ ውሃው አፍንጫ ድረስ። አብዛኛው ሰው ቆሞ ቁልቁል ያነሳና ወፉ ሰሌን ላይ የተሰፋ ይመስላል።

ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ካሜራውን ክደኑ። መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ የሩቅ ወፍ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ የዓለም ውድ ሌንስ ቢሆን አያድናችሁም። ሂዱ ቁርስ ብሉ፣ እሸት ሽምብራ ግዙ፣ ሆራ ዳር ተኙ። ከዚያ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጨለለቃ ተመለሱ፣ ክሬኖቹ መንጋ መንጋ ሆነው ለማደር ሲመጡ። ያኔ ጎን ቀይሩ፣ ምዕራብ በኩል ቁሙ።

የማልታገሠው ነገር አለ። ልጅ በሃያ ብር ቀጥሮ ወፍ ማስነሳት። ፎቶ አንሺ ነን የሚሉ ሰዎች ሲያደርጉት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ልጁ ይሮጣል፣ አምስት መቶ ወፍ ባንዴ ይነሳል፣ እነሱ ታታታ ያደርጋሉ። ያ ወፍ መጋቢት ሲቃረብ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊበር ስብ እያጠራቀመ ነው። ታገሡ፣ በራሱ ይነሳል። ይህን ስል ከሆለታ ወደ ሙገር በኩል ያለው የበርጋ ረግረግ ትዝ ይለኛል። እዚያ ክረምት ላይ የምትራባው ባለነጭ ክንፍ ፍለፍቴል የምትባል እፍኝ የማትሞላ ወፍ በዓለም እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ ናት፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በዋናነት የምትታወቀው ደቡብ አፍሪካ ነው። እሷን ላንሳ ብሎ ቄጤማ ውስጥ መግባት ጎጆዋን መርገጥ ነው። እኔ ፎቶዋ የለኝም። አልሞከርኩምም።

ስለ ፖሊስ። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናት። ረጅም ሌንስ ይዛችሁ ወደ ሰማይ ስታነጣጥሩ ሰው ቢጠይቃችሁ አትቆጡ። መታወቂያ ያዙ፣ አይሮፕላን ወይ ሄሊኮፕተር ሲያልፍ ሌንሱን ጭናችሁ ላይ አድርጉት፣ ለጠየቃችሁ ሁሉ የክሬኑን ፎቶ ካሜራው ላይ አሳዩት። ብዙ ጊዜ ጠያቂው ራሱ «እንዲህ ነው እንዴ የሚመስሉት?» ብሎ አብሮ ይቀመጣል። ድሮን ቤት ይቅር፣ ያለ ፈቃድ አይበርም፣ ወፉንም ያስበረግጋል።

ሌንስ ኪራዩ ከከሸፈ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ያኔ አንድ ሌሊት የማደሪያ አዋጡና ዝዋይ ሂዱ። ዓሣ አጥማጆቹ የሚያራግፉበት ቦታ አባ ኮዳና ፔሊካን የዓሣ ትራፊ ለመሻማት ከሰው እግር ሥር ናቸው፣ በ18-55 ፊታቸው ፍሬሙን ይሞላል። አባ ኮዳ መልከ ጥፉ ነው፣ ግን ራሰ በራውን በጠዋት ብርሃን ስታዩት እንደ ሽማግሌ ዳኛ ግርማ አለው። እዚያ ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ብልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ። ለማደር ደግሞ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ።

ከዚህም የሚቀርብ ካሰኛችሁ ሱሉልታ አለላችሁ። ብርድ ነው፣ ፋብሪካና ቤት እየበላው ነው፣ ነገር ግን ጋጋኖና ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ ከጅረቶቹ ዳር አሁንም ይገኛሉ። ዝይዋ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም። ገፈርሳም አለ፣ እሱ ግን የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ጥበቃ አለው፣ ሳታስፈቅዱ አትሂዱ። አባ ሳሙኤልን ለሌላ ቀን ተዉት። እናንተ በየቀኑ የምታልፉት የቀበና ድልድይ ሥር የሚወርደው ውሃ መጨረሻው እዚያ ነው፣ ሽታው የሌንሱን መስታወት ሳይቀር ይይዛል። ወፍ ግን ሞልቷል፣ ወፍ እንደኛ አይጠየፍም።

አራት ኪሎ ለምትሠሩት ደግሞ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሳ ሰዓት ሠውታችሁ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እዩ። ደርቀው የተቀመጡት ወፎች ትንሽ አቧራ ጠግበዋል፣ ቢሆንም የሳቢሳንና የሽመላን መጠን ጎን ለጎን አይታችሁ ስትሄዱ ረግረጉ ላይ «ያ ምንድነው?» እየተባባላችሁ ጊዜ አታጠፉም።

ቦቲ ጠይቃችሁ ነበር። የግድ ነው። ከመኪና ለሽንትም ቢሆን መውረዳችሁ አይቀርም። ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ለኩት፣ ሰፊ ቦቲ ጭቃው ይመጥጠዋል፣ እግር ይወጣል፣ ጫማው ይቀራል። እኔ በዚያ የኮሮላው ቀን የሄድኩት በስኒከር ነበር። የግራው እስካሁን እዚያው ጨለለቃ ነው።